ያውቁ ኖሯል? ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የተወነው ሰው የኢትዮጵያ የክብር ዜጋ ነበር

▪ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት የመሠረቱት ካርል ሃይንዝ በም የፊልም ተዋናይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1928 በጀርመን ዳርምሽታት ተወለዱ፤ አባታቸው ስመ ጥሩው የኦርኬስትራ መሪ ካርል በም ናቸው።

▪ ዝናቸው የናኘው ከ1955 እስከ 1957 በወጡት ሦስት የ«ሲሲ» ፊልሞች ነው። ከሮሚ ሽናይደር ጋር፣ የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆነው ተወኑ።

▪ በ1960 «ፒፒንግ ቶም» ላይ ግን ዓይን አፋር ነፍሰ ገዳይ ሆነው ብቅ አሉ። ገጸ ባሕሪው ካሜራ ማን ነው፤ ከካሜራው ማቆሚያ እግሮች በአንዱ ስለት ደብቆ፣ የሚገድላቸውን ሴቶች ድንጋጤ ይቀርጻል። ተቺዎች ፊልሙን አብጠለጠሉት፤ ዛሬ ግን ከእንግሊዝ ምርጥ ፊልሞች ተርታ ይመደባል።

▪ በ1970ዎቹ ዳይሬክተሩ ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር በአራት ፊልሞቹ አሠራቸው። በ«ማርታ» (1974) ሚስቱን ቁም ስቅሏን የሚያሳይ ባል ሆነው ይታያሉ።

▪ በግንቦት 1981 (1973 ዓ.ም.) በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ከሦስት ተመልካቾች አንዱ ለተራቡ ሰዎች 1 ማርክ እንኳ እንደማይሰጥ ተወራረዱ። ውርርዱን ረቱ፤ ያም ሆኖ ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተዋጣ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጥተው፣ በሐረርጌ ኤረር ሸለቆ ሥራ ጀመሩ።

▪ ድርጅቱ ደቡብ ወሎም ደርሷል፤ በቦረናና በወግዲ ወረዳዎች ሠርቷል።

▪ በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጣቸው። ያረፉት በ2014፣ በ86 ዓመታቸው ነው።