ተጨማሪ መረጃ፦ የኩላንት ትርፍ መያዣ በደጋ መንገድ
በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ዙሪያ ዳገት የሚወጡት ቀላል ሞተር ሳይክሎች በብዛት የሚቀዘቅዙት በነፋስ ነው። ራዲያተር ያለው ግን ትርፍ ኩላንት የሚቀበል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አለው። ኩላንት ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲበዛ የራዲያተሩ ክዳን ትርፉን በቱቦ ወደ ዕቃው ያሳልፋል። ሞተሩ ሲበርድ ራዲያተሩ ያንኑ መልሶ ይስባል። ስለዚህ ዕቃው ተሰንጥቆ ሲለወጥ ወይም ቦታው ሲቀየር ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቱቦው ነው፦ ጫፉ ምንጊዜም ፈሳሹ ውስጥ ይጥለቅ፤ አለዚያ የሚሳበው አየር ነው። የዕቃው መተንፈሻ አይደፈን፤ ዕቃው ከማርሚታው ይራቅ። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን በደጋ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱና እጁ ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል።