ከየካ እስከ እንጦጦ፤ የከተማችንን ሰፈር ስለ ማወቅ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



«አገርህን ዕወቅ» የሚለው ምክር በጆሮአችን ብዙ ጊዜ የገባ ነው። ይህ ምክር በተነገረ ቍጥር ግን አሳባችን ወዲያው ወደ አክሱም፥ ወደ ላሊበላ፥ ወደ ጎንደር ይበራል እንጂ ከደጃፋችን ማዶ ያለውን ሰፈር አያስታውሰንም። ሩቁን ለማየት ገንዘብና ፈቃድ እስክናገኝ ስንጠብቅ ቅርቡን ሳናየው ዕድሜያችን ያልፋል። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ ጥፋት በራሴ ላይ እንዴት እንደ ተገለጠና፥ ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋራ በአንድ ቀን ጉዞ ላርመው እንዴት እንደ ሞከርሁ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ ሰዓት ስለ አዲስ አበባ ወንዞች ባሰማሁት ንግግር፥ በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናም ሁሉ ወደ አቃቂ ወርዶ ከአዋሽ ጋራ ይቀላቀላል ብዬ ነበር። ንግግሩ በተሰማ በሁለተኛው ሳምንት ከሱሉልታ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ላኪው በዕድሜ የገፉ ገበሬ መሆናቸውን ገልጸው፥ «ልጄ፥ ድምፅህ ደስ ይላል። ነገር ግን በጓሮዬ የሚወርደው የእንጦጦ ውኃ አዋሽን አያውቀውም፤ እርሱ የሚሄደው ወደ ሙገር ነው። ወጥተህ እይ» የሚል ቃል አስጽፈዋል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ያሳፈረኝም መሳሳቴ ብቻ አይደለም። እንጦጦን በየማለዳው እያየሁ አድጌ አንድም ቀን ከጀርባው ያለውን አገር ለማየት አለመውጣቴ ነው። የካ የሚለውንም ስም በዜና ላይ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት ቍጥሩን አላውቀውም፤ ሰፈሩን ግን ከታክሲ መስኮት በቀር በሌላ መንገድ አላየሁትም ነበር።

ስለዚህ ሁለት ባልንጀሮቼን ለመንሁ። አንደኛው የጂኦግራፊ መምህር፥ ሁለተኛው መሬት ቀያሽ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ የሚያየው አስቀድሞ የሚያውቀውን ያህል ነው፤ ሥራቸው የተለያየ ሰዎች አብረው ሲሄዱ ግን አንዱ ያለፈውን ሌላው ያነሣዋልና፥ ምርጫዬ በዚህ ምክንያት ነበር።

በአንድ ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቀበና ድልድይ ተገናኘን። መነሻችን ወንዝ ይሁን ብሎ የመከረን ቀያሹ ነው። ቤት ይፈርሳል፥ መንገድ ይሰፋል፥ ወሰን ይለወጣል፤ ወንዝ ግን የአገሩን አቀማመጥ አይደብቅም ሲል ምክንያቱን አስረዳን። ነገሩም እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የብዙ ጐዳናዎች መልክ ተለውጧል። የካ ክፍለ ከተማም በ1995 ዓ.ም. ከተደራጁት 10 ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን፥ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ሆኖ ሲቋቋም በምሥራቅ በኩል ወሰኑ ተለውጧል። የቀበና ወንዝ ግን ያን ጊዜም አሁንም ከእንጦጦ ወገብ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ከወንዙ ቀጥሎ መምህሩ የሰፈሮቹን ስም እንድናስተውል አደረገን። ቀበና ማለት በኦሮምኛ ቅዝቃዜ ማለት ነው፤ ማለዳ በድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ስሙ ለምን እንደ ተሰጠ ማስረጃ አያስፈልገውም። ካራም በዚያው ቋንቋ መንገድ ማለት ነው። እነዚህ ስሞች ከተማው ሳይቈረቈር በዚህ መሬት ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ሕዝብ የተወረሱ ናቸው። ሾላ የሚለው ስም ዛፉን ያስታውሳል። እንግዲህ ሰው የታክሲ ረዳት ሲጠራቸው በየቀኑ የሚሰማቸው ቃላት በውስጣቸው የሰፈሩን ታሪክ ይዘው እናገኛቸዋለን።

ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ግን ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለው ስም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ከተገኘ በኋላ የውጭ መንግሥታት የኢትዮጵያን ነጻነት በማክበር መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ መላክ ያዙ። ዳግማዊ ምኒልክም በዚያ ዘመን የከተማው ዳር በነበረው በምሥራቅ በኩል ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። የፈረንሳይ፥ የእንግሊዝና የሩሲያ ኤምባሲዎች እስከ ዛሬ የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ነው። ለጋሲዮን የሚባለው ከኤምባሲ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ የመልእክተኛ መሥሪያ ቤት ነበር። የፈረንሳዩ ለጋሲዮን ኤምባሲ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሰፈሩ ግን የጥንቱን ማዕረግ እስከ አሁን አልለቀቀም።

ከዚያ ወደ የካ ሚካኤል ሄድን። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ደብር በይበልጥ የሚያውቀው ጥር 12 ቀን፥ የቃና ዘገሊላ ዕለት፥ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ በሚሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ነው። በዚያ ቅዳሜ ግን አጥር ጥግ ከተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች በቀር ማንም አልነበረም። ሰላምታ ሰጥተን፥ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወስደውን መንገድ ጠየቅን። አንደኛው በከዘራቸው ወደ ተራራው እያመለከቱ፥ «ልጆቼ፥ ታች ያለውን ያያችሁ ላይኛውን ሳታዩ አትመለሱ» አሉን።

የየካን ተራራ በባሕር ዛፍ መካከል እያለከለክን ወጣን። ዋሻ ሚካኤል ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ጣሪያው ጠፍቷል፤ ግድግዳው፥ የመስኮቶቹና የበሮቹ ቅርጽ ግን ከጕድጓዱ ውስጥ ቆሞ ይታያል። የአካባቢው ሰው ሥራውን ከአብርሃና ከአጽብሃ ዘመን ያደርሰዋል። የሕንፃውን አሠራር የመረመሩ ሊቃውንት ደግሞ ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፥ በመካከለኛው ዘመን እንደ ተፈለፈለ ያስረዳሉ። ከሁለቱ የትኛውንም ብንይዝ አንድ ነገር የጸና ነው፤ አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ሲሆን ይህ አለት ከእርሷ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ የሰው እጅ አርፎበታል። መምህሩ እጁን በአለቱ ላይ አኑሮ፥ «ለተማሪዎቼ ስለ ላሊበላ ሳስተምር 12 ዓመት ሆነኝ፤ ከትምህርት ቤቴ በእግር ተደርሶ የሚታየውን ግን አላሳየኋቸውም» አለ። እኔም የሱሉልታው ደብዳቤ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ።

ከተራራው ወርደን በፈረንሳይ ለጋሲዮን ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሽሮ በላንና ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ የእንጦጦን ዳገት ጀመርን። በመንገዱ አጋማሽ አንዲት እናት የተሸከሙትን የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ከአንድ ድንጋይ ላይ አሳርፈው ላባቸውን ሲጠርጉ አገኘናቸው። የሸክሙ ርዝመት ከእርሳቸው ቁመት ይበልጣል። ቀያሹ፥ «እናቴ፥ እስቲ ጥቂት ላግዝዎ» ቢላቸው፥ «ተወው ልጄ፥ ወገብህን ትሰብራለህ» ብለው ሳቁ። እርሱም አልሰማም ብሎ ሞከረ፤ ከጕልበቱ በላይ ሊያነሣው አልቻለም። «እናንተ ወዲህ የምትወጡት ለሽርሽር ነው፤ እኔ የምወጣው ለራት ነው» አሉን። በአነጋገራቸው ቅሬታ አልነበረበትም። ሁለት እጃችንን ጨምረን ሸክሙን በጀርባቸው ካደረግንላቸው በኋላ፥ ጐንበስ ብለው ቍልቍለቱን ሲወርዱ እስኪሰወሩ ድረስ ቆመን አየናቸው።

ይህን ያየ ሰው የባሕር ዛፍን ታሪክ ሳያስብ አያልፍም። ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ በሠሩ ጊዜ ተራራው ለጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ብርዱ ብርቱ፥ የውኃና የማገዶ ነገርም አስቸጋሪ ነበር። ከዚህም የተነሣ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ታችም ቢወረድ ግን የማገዶ ችግር ተከተለ። ጽዱና ወይራው እየተቈረጠ ስላለቀ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማውን በቦታው ያጸናው በ1880ዎቹ ዓመታት ከውጭ አገር የገባው፥ ከባሕር ማዶ በመምጣቱም ባሕር ዛፍ የተባለው ይህ የአውስትራሊያ ተክል ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቈረጥም ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። በሌላ ወገን ከመሬት ብዙ ውኃ ይስባል፥ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም። ስለዚህ ዛሬ በእንጦጦ ላይ የአገር ዛፍ መልሶ ለመትከል ይሠራል። ይህ ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ስለ ደኑ የሚመክር ሰው ሁሉ፥ ከዚያች ጭራሮ ራታቸውን የሚያበስሉትንና የሚያገኙትን እናቶች በምክሩ ውስጥ ሊያስገባቸው እንደሚገባ ያ ሸክም አስተምሮናል።

በ9 ሰዓት ተኩል ገደማ ከተራራው ጀርባ ላይ ደረስን። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው ፓርክ ብዙ ሰው ይስባል፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የኮከብ መመልከቻም የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖችን ይዟል። እኛ ግን የወጣንበት ጕዳይ ውኃ ነበርና ወደ እርሱ እንመለስ።

ቀያሹ ከተራራው ጀርባ ከፍተኛውን መስመር ፈልጎ አቆመን። ወደ ደቡብ ብንመለከት አዲስ አበባ በጢስና በፀሐይ ተሸፍና ተዘርግታለች። ወደ ሰሜን ብንዞር የሱሉልታ ሜዳ ለጥ ብሎ ይታያል። መምህሩም እንዲህ ሲል ገለጸልን። በደቡቡ ፊት የሚወድቀው ዝናም በቀበናና በመሰሎቹ ወደ አቃቂ፥ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ በአፋር በረሓ ተጕዞ ከጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ አቤ ከሚባለው ሐይቅ ይቀራል፤ ባሕርን አያይም። በሰሜኑ ፊት የሚወድቀው ግን በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፥ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ እስከ ሜዲቴራንያን ባሕር ይደርሳል። በአንድ ደመና የመጡ፥ አንድ ክንድ ተራርቀው የወደቁ ሁለት ጠብታዎች፥ አንዱ በረሓ ሲቀር ሌላው ከሩቅ ባሕር ይገናኛል ማለት ነው።

እነሆ፥ የሱሉልታው አባት እውነቱን ተናግረዋል፤ ተሳስቼ የነበርሁት እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የነገርኋችሁን ቃል በዚህ አርማችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ለእርሳቸውም በማግሥቱ ደብዳቤ ጽፌ ስሕተቴን አምኛለሁ፤ በመጸው ወራት ከባልንጀሮቼ ጋራ ጓሯቸውን ለማየት እንደምመጣም አስታውቄያለሁ።

ጕዞአችንን የጨረስነው በእንጦጦ ማርያም ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚህ ደብር ነው፤ በአጠገቡ ያለው የጥንቱ ቤተ መንግሥታቸውም ያ ታላቅ መንግሥት ከምን ያህል ቀላል ቤት እንደ ተነሣ ይመሰክራል። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርድ ታክሲ ተሳፈርን።

አድማጮቼ፥ እናንተም እንዲህ ያለ ቀን ለማሳለፍ ብታስቡ ከዚህ ጕዞ ያተረፍሁትን ምክር ላካፍላችሁ። አንደኛ፥ ሙያቸው ከእናንተ የተለየ ሁለት ወይም ሦስት ባልንጀሮች ይዛችሁ ሂዱ፤ ይህ ለዕውቀትም ለደኅንነትም ይበጃል፤ ተራራ ላይም አይምሽባችሁ። ሁለተኛ፥ በእግር ሂዱ፤ መነሻችሁንም ከወንዝ አድርጉ። ሦስተኛ፥ የሰፈሩን ስም ትርጕም ጠይቁ፤ ሽማግሌ ስታገኙም አስቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ እንጂ ጥያቄውን አታስቀድሙ። አራተኛ፥ በሥራ ላይ ያለ ሰው ስታዩ እንደ ትዕይንት ቆማችሁ አትመልከቱት፤ ከተቻለ ሸክሙን አግዙት፥ ካልተቻለ ቃሉን ስሙት።

ከማናውቀው ሰፈር ጋራ የሚለየን ብዙ ጊዜ ረጅም መንገድ እንኳ አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። እኔ ያን ቅዳሜ ከ30 ዓመቴ በኋላ አገኘሁት። ልጆቻችን ግን ይህን ያህል እንዳይዘገዩ፥ በሚመጣው የዕረፍት ቀን እጃቸውን ይዘን ከደጃፋችን ማዶ እንሻገር።