የሰበታ ሐዲድ የሚያደርስባቸው ደሴቶች

ለዕረፍት ደሴት የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ፎቶ አይቶ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ዘንባባና ሰማያዊ ውሃ ካየ ልቡ ቀድሞ ይሄዳል። ድንኳን ተክሎ ለማደርና ከውሃ በታች ያለውን ፍጥረት በዓይኑ ለማየት የሚነሣ ሰው ግን ከአሸዋው በፊት ስለ ውሃው መጠየቅ አለበት። ውሃው ምን ያህል ጥልቀት ድረስ ያሳያል? በየትኛው ወር ይጠራል? በውስጡስ ምን ይኖራል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካማረ ደሴቱ ትንሽና አንድ ዛፍ የሌለው ቢሆን እንኳ ይበቃል። ካላማረ ዘንባባው አይክስም።

የደጋዋ ከተማ የጫንጮ ሰው ኑሮው ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ክረምት የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሣሩን ውርጭ ሲመታው ያያል። ይህ ሰው ድንኳኑን ይዞ ወደ ሞቃት ውሃ ልውረድ ሲል መጀመሪያ የሚታወሱት የአገራችን ሐይቆች ናቸው፤ ደሴት ደግሞ አላጡም።

ከሁሉም ቅርቡ ወንጪ ነው፤ ከአምቦና ከወሊሶ መሐል፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ። በመካከሉ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት አለ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ ምርጫው የሚገባው ይመስለኛል። ነገር ግን ወንጪ ደጋ ነው፤ የሐይቁ ዙሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ነው። ለድንኳን፣ ለእግር መንገድና ለፈረስ እንጂ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሰዓት ለመዋል አይሆንም።

ዝዋይ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጎ የቆየው እዚያ ነው የሚል ትውፊት አለው፤ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የዛይ ሰዎችም እስከ ዛሬ ይኖሩበታል። ታሪክና ወፍ ለሚወድ ሰው እጅግ ያማረ ቦታ ነው። ውሃው ግን ደፍራሽ ነው፤ ጉማሬ አለበት፣ ቢልሃርዚያም አለበት። የቢልሃርዚያ ትል ከትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ውሃ ውስጥ እየዋኘ በሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ዳር ዳሩን፣ ቄጠማው መካከል መንቦጫረቅ ለበሽታው መንገድ መክፈት ነው። ጣናም ከ30 በላይ ደሴቶች ይዞ በዚሁ ችግር ውስጥ ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየክረምቱ አፈር ይጭኑበታል። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች አሉት፤ ግን ከውሃው ወጥተው በዓሣ አጥማጅ መረብ ውስጥ ካልሆነ አይታዩም። በሻላ ሐይቅ ያለችው የነጭ ይብራ ደሴት ደግሞ ጭራሽ ሊሄዱባት አይገባም። ወፎቹ የሚፈለፍሉት እዚያ ነው፤ ጀልባ ሲጠጋ ተነሥተው ሲበሩ እንቁላሉና ጫጩቱ ለፀሐይ ይጋለጣል። ተፈጥሮን እወዳለሁ የሚል ሰው አንዳንድ ደሴት ከሩቅ የሚታይ መሆኑን መቀበል አለበት።

ላንጋኖ ይቀራል። ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የሚታወቅ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ላይ ድንኳን መትከልም የተለመደ ነው። ቀለሙ ግን ቡናማ ስለሆነ ክንድህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። መዋኘት ለመለማመድ ከእሱ የተሻለ የለም፤ ለማየት ግን አይሆንም።

ሐይቆቻችን ለድንኳን የተመረጡ ናቸው፤ ለውሃ መነጽር ግን ባሕር ያስፈልጋል። ምክንያቱን ለማወቅ ኮራልን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ የእንስሳት ሰፈር ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ አፉ በቀጫጭን ክንዶች የተከበበ ፍጥረት ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ ለአስተናጋጁ ያካፍላል፤ ቀለሙንም የሚሰጠው እሱ ነው። እንስሳው በበኩሉ ከባሕሩ ኖራ እያወጣ ከሥሩ ቤት ይሠራል። ጉብ ጉብ ያለው የኮራል ዓይነት በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ አንድ ሰው ቆሞበት የሚሰብረው ቁራጭ ከእሱ ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ብርሃን ሲደርስ ነው። ስለዚህ ኮራል ወንዝ ጭቃ በሚያፈስበት ቦታ አይበረክትም። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በኮራል የበለጸጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዙሪያቸው በረሃ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ አይገባባቸውም። ከባሕሩ ዳር ያለው አገር ደረቅ በሆነ ቁጥር ከውሃው በታች ያለው የአትክልት ቦታ ያማረ ይሆናል። በፎቶው ላይ ልባችንን የሚሰርቀው ነጭ አሸዋም ቢሆን ብዙው የበቀቀን ዓሣ ሥራ ነው። ይህ ዓሣ እንደ በቀቀን ምንቃር በጠነከረ ጥርሱ ኮራሉን ፍቆ አልጌውን ይበላል፤ ኖራውን ፈጭቶ በኋላው አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት በመቶ ኪሎ የሚቆጠር አሸዋ ያወጣል። ጆሮን ውሃ ውስጥ አድርጎ ዝም ላለ ሰው ሲቆረጥም ይሰማል።

ታዲያ ለእኛ ቅርቡ የኮራል ደሴት የት ነው? መልሱ ጅቡቲ ነው፤ ባቡርም ይደርስበታል። ሐዲዱ ከሰበታ ይነሣል፤ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በድሬዳዋና በደወሌ አልፎ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ናጋድ ላይ ይቆማል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። መንገደኛ የሚሳፈረው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው፤ የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የጅቡቲ መግቢያ ሰነድም እንዲሁ። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጉዞ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ሁለት ዝቅተኛ ደሴቶች አሉ። የተሠሩት ከኮራል ነው፤ ተራራም ምንጭም የላቸውም፣ ማንግሮቭ ግን አላቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሻን ከታጁራ ሱልጣን የተረከቡት በአሥር ጆንያ ሩዝ ነበር። ያን ጊዜ ዋጋዋ የተቆጠረው ለመርከብ መቆሚያ በመሆኗ ነው፤ ከሥሯ ያለውን ያየ አልነበረም።

ዛሬ ሰው የሚሄደው ከሥሯ ላለው ነው። ከዳርቻው ጥቂት ሜትር እንደተዋኘ ኮራሉ ይጀምራል። በቀቀን ዓሣው፣ ቢራቢሮ ዓሣው፣ አኔሞን በሚባል የባሕር እንስሳ መርዘኛ ክንዶች መካከል ቤቱን የሠራው ብርቱካንማ ዓሣ፣ ዕድል ከቀናም የባሕር ኤሊ ይታያሉ። ደሴቶቹ የተፈጥሮ ጥበቃ ያለባቸው ስለሆኑ አዳር የሚፈልግ ሰው ፈቃዱንና ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ከጀልባ አከራዩ ጋር ከመነሣቱ በፊት መጨረስ አለበት።

ከኅዳር እስከ ጥር የሚሄድ ሰው ሌላም ዕድል አለው። ወደ ምዕራብ፣ በአርታ ባሕር ዳርቻ በኩል፣ ዌል ሻርክ የሚባለው የዓለም ትልቁ ዓሣ ይመጣል። ሲያድግ ከ12 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በታጁራ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ወጣቶች፣ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ያሉ ናቸው። አፉን ከፍቶ የሚያጣራው በዓይን የማይሞላ የባሕር ደቃቅ ፍጥረት ነው፤ ሰው አይነካም። የሚዋኘው ከውሃው ገጽ ስለሆነ እሱን ለማየት መጥለቅ አያሻም፤ ፊትን ነክሮ መከተል ይበቃል። ከፊቱ መቆም፣ መንካት፣ በጀልባ መክበብ ግን አይገባም፤ ሲሸበር ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ያን ቀንም ምግቡን ያጣል።

እነዚህ ወራት ለደጋ ሰው የተመቹ ናቸው። ሱሉልታ ላይ ውርጭ በሚወርድበት ጊዜ የጅቡቲ አየር ለድንኳን ይስማማል፤ የባሕሩ ሙቀትም ከ25 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም። በሰኔና በሐምሌ ግን የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከበረሃው የሚነሣው ትኩስ ነፋስ አሸዋ ያዘንባል። እኛ ጋ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች የሚያርፉት በዚያ ወቅት መሆኑ ያሳዝናል፤ ሆኖም ልጅ ይዞ በሐምሌ ወደዚያ መውረድን አልመክርም።

ሌሎች ደሴቶችም ይነሣሉ። ሲሸልስን ብዙ ሰው ያልማል፤ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ተፈጥሮዋም ድንቅ ነው። ነገር ግን ድንኳን ተክሎ ማደር በሲሸልስ አይፈቀድም። ይህ ብቻውን ለእኛ ጉዳይ ከዝርዝሩ ያስወጣታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ አልጌው ከኮራሉ ሲወጣ፣ በመካከለኞቹ ደሴቶቿ ያለው ኮራል አብዛኛው ነጥቶ ሞቷል። ከፊሉ አገግሟል፣ ከፊሉ አላገገመም። ስለዚህ ማንኛውም ደሴት ሲመረጥ ‘ኮራሉ አሁን እንዴት ነው?’ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ የአሥር ዓመት ፎቶ አይታመንም። ከዛንዚባር አጠገብ ያለችው ቹምቤ በአንጻሩ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጥብቅ ተጠብቃ ኮራሏ ያማረ ነው። በአየር ጋን መጥለቅ እንኳ የተከለከለባት፣ በውሃ መነጽርና በቱቦ ብቻ የምትታይ ናት። ማደሪያዋ ግን ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ነው፤ ዋጋውም ይከብዳል። ከመቶ በላይ ደሴቶች ያሉት ዳህላክ ከሁሉም የበለጠ በሆነ ነበር፤ ግን የሰበታ ሐዲድ እዚያ አያደርስም።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። መነጽሩ የሚሠራው በዓይንና በውሃ መካከል አየር በማቆየት ነው፤ ዓይናችን ጥርት አድርጎ የሚያየው አየር ሲነካው ብቻ ነው። በመነጽሩ በኩል ሁሉም ነገር በሲሶ ገደማ ገዝፎና ቀርቦ ይታያል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር የመሰለው ዓሣ ሰባ ወይም ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ነው። ሲገዙ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ ገጥሞ በአፍንጫ አየር መሳብ ነው፤ እጅ ተለቆ ፊት ላይ ከቀረ ልክ ነው። ጢም ያለው ሰው ውሃ ይገባበታል፤ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን መላጨት ይረዳዋል። ብርጭቆው እንዳይደበዝዝ ከውስጥ ምራቅ ቀብቶ በባሕር ውሃ ማለቅለቅ የጠላቂዎች ሁሉ ልማድ ነው።

ቱቦው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ቢሆን ጠልቆ መተንፈስ ይቻል ነበር የሚል ሐሳብ ብዙ ሰው ይመጣበታል። አይቻልም። ከአንድ ሜትር ጥልቀት ያለው የውሃ ክብደት ደረትን ስለሚጫን ሳንባ አየሩን ስቦ ማስገባት ያቅተዋል፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥርም የተነፈስነውን አየር መልሰን እንተነፍሳለን። ውሃ ሲገባበት አንድ ጊዜ በኃይል ‘ፉ!’ ማለት ነው፤ ይወጣል። ይህን ልምምድ ባሕር ላይ ደርሶ መጀመር አያስፈልግም። በሱሉልታ ወይም በአዲስ አበባ የሆቴል ገንዳ ውስጥ፣ እግር ወለል በሚነካበት ቦታ፣ ትንፋሹ ራሱ ዝግ እስኪል ድረስ መለማመድ ይቻላል። መዋኘት ያልቻለ የተንሳፋፊ ጃኬት ለብሶ ማየት ይችላል፤ የባሕር ጨውም ያግዘዋል። ማንም ቢሆን ግን ብቻውን አይግባ።

የደጋ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ልዩ ነገር አለ። በጅቡቲ በአየር ጋን እንጥለቅ የሚሉ አስጎብኚዎች ይኖራሉ። በጋን የጠለቀ ሰው ደሙ ውስጥ ናይትሮጅን ይከማቻል፤ ሳይወጣለት ወደ ከፍታ ከሄደ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያውንና ነርቩን ይጎዳዋል። ለዚህ ነው ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ ለ18 ሰዓት አይብረር የሚባለው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው። ጫንጮ ግን ከዚያ በላይ ናት፤ በባቡርም በመኪናም ቢመለሱ ያው ነው። ስለዚህ ጋን የተሸከመ ሰው ሙሉ አንድ ቀን ባሕሩ ዳር አርፎ ይመለስ። በመነጽርና በቱቦ ከውሃው ገጽ ላይ የዋለ ሰው ይህ ሥጋት የለበትም፤ ከባሕሩ ወጥቶ በዚያው ምሽት መሳፈር ይችላል።

የቀረው ሸክም ነው። ሙሻ ላይ ንጹሕ ውሃ ስለሌለ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር የሚጠጣ ውሃ ከከተማ መጫን አለበት። ለጀርባ ከቅባት ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ ቲሸርት ይሻላል፤ አንዳንዱ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ኮራሉን ይመርዛል። የባሕር ጃርት እሾህ ስላለ ጎማ ጫማ ያስፈልጋል፤ ጫማ አለኝ ተብሎ ግን ኮራል ላይ አይቆምም፣ የሚቆመው አሸዋ ላይ ነው። ድንኳኑ ማዕበሉ የተወው የአልጌ መስመር ከሚታይበት ከፍ ብሎ ይተከል፤ ችካሉም በአሸዋ ስለማይጸና ከረጢት አሸዋ ሞልቶ፣ ገመዱን በእሱ አስሮ መቅበር ነው። ቆሻሻው ሁሉ፣ የሎሚ ልጣጩም ጭምር፣ በመጣበት ጀልባ ይመለሳል።