ሞተሩ የሚናገርበት ሶኬት

ከመሪው ስር፣ ከነጂው ጉልበት ከፍ ብሎ፣ አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ሶኬት አለ። ብዙ ባለመኪና ለዓመታት ሲነዳ ልብ አይለውም። መካኒክ ግን ያውቀዋል፤ «ቼክ ኢንጂን» የሚባለው ቢጫ መብራት ሲበራ መኪናው ጋራዥ ገብቶ «ኮምፒውተር የሚነበበው» በዚህ በኩል ነው። ይኸው ሶኬት ዛሬ ከክብሪት ቀፎ ብዙ በማይተልቅ ሽቦ አልባ አስማሚ አማካይነት ከስልክ ጋር ይነጋገራል። አስማሚው ሶኬቱ ላይ ይሰካል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ ስልኩ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ያገኘዋል። ከዚያ «ቶርክ» ወይም «ካር ስካነር» የመሰለ መተግበሪያ የሞተሩን ዙር፣ የውሃውን ሙቀት፣ የባትሪውን ቮልቴጅና የነዳጁን ልክ እየቆጠረ ያሳያል።

አብዛኛው ሰው ይህን ዕቃ የሚገዛው ቢጫውን መብራት ለማጥፋት ነው። በእኔ ግምት ይህ ከሥራዎቹ ሁሉ ትንሹ ነው፤ አንዳንዴም ጎጂው። የዕቃው ዋና ጥቅም መኪናው ደህና በሆነበት ቀን ቁጥሮቹን አይቶ መያዝ ነው። በየቀኑ 88 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ሞተር አንድ ቀን 97 ቢያሳይ ወሬ ነው፤ የተለመደው ስንት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ግን 97 ተራ ቁጥር ነው።

ሶኬቱ የተሠራው ለመካኒክ ተብሎ አይደለም። መነሻው የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ነው። ኔዘርላንድ የተወለደው ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የከተማዋን ዓይን የሚያቃጥል አየር ከመኪና ጭስና ከፀሐይ ብርሃን ጋር አያይዞ አብራራ። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ሀብት ቦርድ ስታቋቁም የመጀመሪያው ሊቀመንበር እርሱ ነበር። የቦርዱ ራስ ምታት ከፋብሪካ የወጣው አዲስ መኪና አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጭሱ መበላሸቱን ባለቤቱም መንግሥትም ሳያውቁ የሚሄደው መኪና ነበር። ስለዚህ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናው ራሱን እንዲመረምርና ችግር ሲያገኝ መብራት እንዲያበራ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱ ሶኬትና የየራሱ የብልሽት ኮድ ነበረው። «ኦቢዲ ሁለት» የተባለው ሁለተኛው ደንብ ከ1996 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ሶኬቱንም ዋና ዋናዎቹን ኮዶችም አንድ አደረጋቸው። አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች።

ይህ ታሪክ ዕቃው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ይለያል። ደንቡ የጭስ ደንብ ነውና ሶኬቱ ስለ ነዳጅ፣ ስለ አየር፣ ስለ ካንዴላና ስለ ጭስ መውጫው አብዝቶ ይናገራል። ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የሚጮህ ኩሽኔታ፣ የላላ ሾክ አብዞርበር ግን በዚህ ደንብ ውስጥ የሉም። ስልኩ «ምንም ኮድ የለም» አለ ማለት መኪናው ደህና ነው ማለት አይደለም።

በአስማሚው ሆድ ውስጥ ሥራውን የምትሠራው አንዲት ቺፕ ናት። ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ትንሽ የካናዳ ኩባንያ በ2005 «ኢኤልኤም 327» የምትባለውን ቺፕ ገበያ ላይ አዋለ። መኪኖች በውስጣቸው የሚነጋገሩበት መንገድ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያይ ነበር፤ ቺፗ እነዚያን ሁሉ ወደ ቀላል ጽሑፍ ትመልሳለች። ስልኩ «0105» ብሎ ይጠይቃል። 01 «የአሁኑን መረጃ ስጠኝ» ሲሆን 05 የሞተሩ ውሃ ሙቀት ነው። መኪናው «41 05 82» ብሎ ይመልሳል። 41 ለ01 የተሰጠ መልስ መሆኑን ይነግራል፤ ዋናው ቁጥር 82 ነው። ይህ በአሥራ ስድስት ቤት የተጻፈ ስለሆነ በተለመደው አቆጣጠር 130 ይሆናል። ደንቡ ከዚያ ላይ 40 ቀንስ ይላል፤ ሙቀቱ 90 ዲግሪ ነው። አርባው የሚቀነሰው ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ የሚደርሰውን ብርድ ያለ መቀነሻ ምልክት ለመጻፍ ነው። መተግበሪያው ይህንን ጥያቄና መልስ ያለማቋረጥ እየደጋገመ ቁጥሩን በክብ መርፌ መልክ ይስለዋል።

ኩባንያው የመጀመሪያዋን ቺፕ ፕሮግራም ከመቅዳት ስላልጠበቀው ብዙም ሳይቆይ ተገለበጠ። ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው አስማሚ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግልባጭ ነው። «ስሪት 1.5» የሚል ማሸጊያ ያያሉ፤ ኤልም በዚህ ቁጥር ቺፕ አውጥቶ አያውቅም። «2.1» ከሚሉት ብዙዎቹ ደግሞ ትእዛዞች የጎደሏቸው ናቸው፤ ከአንዳንድ መኪና ጋር ጨርሶ አይገናኙም። ኤልም ራሱ በ2022 ሥራውን ዘግቷል። ለተራ ንባብ ግልባጩ ይበቃል። የስልኩ ዓይነት ግን ከመግዛት በፊት ይታሰብ፤ አንድሮይድ ስልክ ከተራው የብሉቱዝ አስማሚ ጋር 1234 ወይም 0000 ተብሎ ይጣመራል፣ አይፎን ግን የዋይፋዩን ወይም ኃይል ቆጣቢውን ብሉቱዝ ይፈልጋል።

ለደጋ አገር ነጂ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊትን የሚያሳይ መኪና ከሆነ እዚህ 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ያነባል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን 101 ይል ነበር። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ሩብ ያህል ጎድሏል ማለት ነው፤ እንጦጦን ሲወጣ የሚያለከልክ ትንሽ መኪና የግድ ታሟል አይባልም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተር ደግሞ በ85 እና በ95 መካከል መሥራቱ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ መኪና በየመንገዱ እየፈላ የማይቆመው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ሲደክም የባሕር ዳርቻ ነጂ ጥቂት ዲግሪ መጠባበቂያ ይቀረዋል፤ የአዲስ አበባው ግን በተለመደው ሙቀት ላይ ሳለ ውሃው ይፈላበታል። ለሞተር ጥገና ከሚወጣው ብር አጠገብ የክዳን ዋጋ ምንም ነው።

ክሩስኮት ላይ ያለው የሙቀት መርፌ ይህን ሁሉ አይነግርም። ብዙ ፋብሪካዎች ነጂው በከንቱ እንዳይደናገጥ ብለው መርፌው በሰፊ ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም አድርገውታል። ከ2005 ወዲህ በወጣው ቶዮታ ቪትዝ ላይ ጭራሽ መርፌ የለም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ ቀዩ እስኪበራ ብዙ ነገር ያልፋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ደጀን እንደገና በሚወጣ መኪና ውስጥ፣ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ይዞ 90፣ 94፣ 99 እያለ ቢያነብ ነጂው ቀዩን መብራት ሳይጠብቅ ኤሲውን ያጠፋል፣ የጋቢናውን ማሞቂያ ይከፍታል፣ ካስፈለገም ጥግ ይዞ ይቆማል። ንባቡ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሥራ ነው፤ ዳገት ላይ ስልክ የሚያይ ነጂ ከሞቀ ሞተር የባሰ አደጋ ነው።

ሌላው ቁጥር «ፊውል ትሪም» ነው። ስሙ ስለማይስብ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጥ ነበር። የሞተሩ ኮምፒውተር በአየሩ ልክ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ ያሰላል፤ ጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ስሌቱ ትክክል እንደነበር ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ባሰላው ላይ የጨመረው ወይም የቀነሰው በመቶኛ ሲጻፍ ያ ፊውል ትሪም ነው። በጤነኛ መኪና ላይ በዜሮ አካባቢ ይዋልላል። ተጨማሪ 20 ከሆነ ኮምፒውተሩ ሳያቋርጥ ቤንዚን እየጨመረ ነው፤ ያልተቆጠረ አየር ገብቷል ወይም የተቆጠረው ቤንዚን አልደረሰም።

«ፒ 0171» የሚባለው ኮድ የሚወጣው ይህ ቁጥር ከልክ ሲያልፍ ነው። ትርጉሙ ቤንዚን አንሷል፣ አየር በዝቷል ነው። ይህን የተናገረው የኦክስጅን ሴንሰሩ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀጣው እርሱ ነው፤ ይፈታል፣ ሱማሌ ተራ ተሂዶ ሌላ ይገዛል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይበራል። ወሬ ነጋሪውን መቀየር ወሬውን አይቀይርም። ስልክ የያዘ ሰው ሁለት ንባብ ብቻ ይበቃዋል። ሞተሩ በቆመበት ሲዞር ትሪሙ ከፍ ብሎ፣ ቤንዚን ተሰጥቶ ዙሩ 2,500 ሲደርስ ወደ ዜሮ ከወረደ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም ያረጀ ጋስኬት ነው፤ ቀዳዳው ያው ነው፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ድርሻው ስለሚያንስ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ዙሩ ሲጨምር ትሪሙም ከጨመረ፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ይጠረጠራል። ይህን ፎቶ አንስቶ ጋራዥ የሚገባ ደንበኛ ከመካኒኩ ጋር የሚያደርገው ንግግር ሌላ ነው፤ ጎበዝ መካኒክም ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

መብራቱን ስለ ማጥፋት ካነሳን፣ ኮድ ሲሰረዝ የሚሰረዘው ኮዱ ብቻ አይደለም። መኪናው ራሱን የመረመረበት መዝገብ አብሮ ይጠፋል፤ ምርመራዎቹን እንደ አዲስ ለመጨረስ ደግሞ በተለያየ ፍጥነት መነዳት አለበት። በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ባለበት ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ነጂ በምርመራው ዋዜማ ኮድ ቢሰርዝ መኪናው «አልተዘጋጀም» ተብሎ ይመለሳል። ይኸው መዝገብ አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው መሣሪያ ነው። ብዙ መኪኖች ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳውን ርቀት ይይዛሉ። ሻጩ «መብራት በርቶ አያውቅም» እያለ ስልኩ 12 ኪሎ ሜትር ካሳየ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ትናንት ምን እንደተሰረዘ መጠየቅ ነው።

ከጃፓን በቀጥታ የገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ሌላ ነገር አለ። ሶኬቱ ያው ነው፤ መኪናው ግን ለአሜሪካ ደንብ ስላልተሠራ አስማሚው ሲጠራው ዝም ሊል ይችላል። ይህ የአስማሚው ብልሽት ላይሆን ይችላል። ለአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች መተግበሪያው ሲነሳ የሚልካቸው ልዩ የመክፈቻ ትእዛዞች በቅንብሩ ውስጥ ይገባሉ፤ እነርሱ ሲገቡ ዝም ያለው ሞተር ይናገራል።

አስማሚውን ሰክቶ መተው አይመከርም። የሶኬቱ አንዱ ቀዳዳ ቁልፉ ቢወጣም ከባትሪው አይለይም። 50 ሚሊ አምፔር የሚወስድ አስማሚ በ14 ቀን 17 አምፔር ሰዓት ያህል ይጠጣል፤ በትንሽ መኪና ባትሪ ላይ ይህ ወደ ግማሽ ይጠጋል። የደኅንነት ጉዳይም አለ። በ2015 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ለመድን ተብሎ በተሰካ ተመሳሳይ ዕቃ በኩል፣ በሞባይል አጭር መልእክት ብቻ፣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ኮርቬት ላይ ፍሬኑን ሲያዙ አሳይተዋል። ብሉቱዙ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ቢሆንም የይለፍ ቁጥሩ 1234 የሆነ ዕቃ ለሌሊት የሚተው አይደለም።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ሶኬቱ ምን ይናገራል የሚለው ጥያቄ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ጭስ ለሌለው መኪና የጭስ ደንብ አይሠራም፤ ስለዚህ ትልቁ ባትሪ የሚናገረው በፋብሪካው ምስጢራዊ ቋንቋ ነው። ለኒሳን ሊፍ «ሊፍ ስፓይ» የተባለው መተግበሪያ ያንን ፈትቶ የባትሪውን ጤና እስከ እያንዳንዱ ሴል ያሳያል። ለሌሎች ሞዴሎች ግን የሚፈታ መተግበሪያ አለ ወይ ብሎ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። እንዲህም ሆኖ ሶኬቱ ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቮልቴጁን የሚለካው አስማሚው ራሱ ስለሆነ መኪናው ባይመልስለትም የትንሹን ባትሪ 12 ቮልት ያሳያል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ያለዚያች ባትሪ ከቆመበት አይነሳም።