የኢፋቱ አያትና የልጅ ልጁ

ሰኔ ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ያልኩበት ማታ ነበር። ጎጃም ደምበጫ ላይ ታሪክ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ጥያቄው «ስለ ኢፋት ሱልጣኔት የምታውቁትን ጻፉ» የሚል ነው። አርባ ስምንቱም ወረቀቶች «ዓፄ ዓምደ ጽዮን» ብለው ይጀምራሉ። ማን ዘመተ፣ ማን ተሸነፈ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፤ ይኸው ነው። የኢፋት ሰው ምን ይበላ እንደነበር፣ ማን ይገዛው እንደነበር አንድ መስመር የጻፈ የለም። ልጆቹ አላጠፉም፤ ያስተማርኳቸውን ነው የመለሱልኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ከጤፍ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1340ዎቹ ገደማ አል-ዑመሪ የተባለ የካይሮ ጸሐፊ ስለ ሰባት የኢትዮጵያ እስላማዊ መንግሥታት ጽፏል። ኢፋት ከነዚያ አንዷ ናት። 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 በላይ እግረኛ እንዳላት፣ ሕዝቡም የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል እህል ፈጭቶ እንደሚጋግር ይናገራል። ይህን ሳነብላቸው ከኋላ ወንበር «ጤፍ!» ተባለ። ወሬውን ለአል-ዑመሪ ካቀበሉት አንዱ ሼህ አብደላ አል-ዘይላዒ ናቸው። ሼሁ ካይሮ የነበሩት ለጉዳይ ነው፤ የግብፁ ሱልጣን ለፓትርያርኩ፣ ፓትርያርኩም ለሐበሻው ንጉሥ ጽፈው በእስላሞቹ አገሮች ላይ ያለው ዘመቻ እንዲቆም ለመማለድ ነበር። የእስላሞቹ መልእክተኛ ንጉሡን በጳጳሶቹ አለቃ በኩል ሲለምን ልጆቹ በጣም ገረማቸው። እኔ ግን ሼሁን አገራቸውን በደንብ የሚያውቁ ሰው አድርጌ ነው የማያቸው፤ ንጉሡ የማንን ቃል እንደሚሰማ ያውቁ ነበር።

ስለ መልክአ ምድሩ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ የወረደ ልጅ፣ ደጋው በአንድ ሰዓት መንገድ ቆላ ሲሆን ያውቀዋል። ኢፋትም የሸዋን ምሥራቃዊ ተዳፋት ይዛ ወደ አዋሽ የምትወርድ አገር ነበረች። ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ደጋውን የሚወጣው በእርሷ በኩል ነው፤ ንጉሡም ሱልጣኑም ዓይናቸውን የጣሉት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ በአርጎባ አገር፣ በተዳፋቱ ላይ የፈረሱ የድንጋይ ቤቶች፣ መስጊዶችና መቃብሮች ይታያሉ።

አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 ኢፋት ላይ ሲዘምት እኛ አሸነፍናቸው ማለት ነው?»

«እኛ» ያለው ማንን እንደሆነ ጠየቅኩት። ዝም ሲል ሰሌዳው ላይ 1309 ዓ.ም. ብዬ ጻፍኩ። የጎጃም ስም በጽሑፍ መጀመሪያ የሚገኘው ዓምደ ጽዮን በዚያ ዓመት በጎጃምና በዳሞት ላይ መዝመቱን በሚናገር የብራና ማስታወሻ ነው። ደጋ ዳሞት ከእኛ አጠገብ ነው፤ የዚያ ዘመኑ ዳሞት ግን ከዓባይ ማዶ ነበር፣ ስሙ ከሕዝቡ ጋር ነው የተሻገረው። ያው ንጉሥ ነው ኢፋት የወረደው። ከኢፋቱ ሱልጣን ከሰብረዲን በፊት ሠራዊቱ የመጣው ወደ ጎጃም ነው። ይህን ልጆቹ በደንብ ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ የአገራቸው ስም ከተዘመተባቸው አገሮች ተርታ ሆኖ ካላዩት ሰብረዲንን እንደ ሰው ሊያዩት አይችሉም።

ከዚያ በኋላ ነው ዓሊን ያስተማርኳቸው።

ሰብረዲን እ.ኤ.አ. በ1332 ተይዞ ታሰረ፤ ንጉሡም ወንድሙን ጀማለዲንን በቦታው ሾመ። ከጊዜ በኋላ ሥልጣኑ ለሰብረዲን ልጅ ለዓሊ ደረሰ። ዓሊ በዓምደ ጽዮን ልጅ በዓፄ ሰይፈ አርዕድ ላይ ሸፍቶ ስምንት ዓመት ታሰረ፤ ንጉሡም በአባቱ ምትክ ልጁን አሕመድን ሾመው። ዓሊ ተፈትቶ ሲመለስ ያን ልጁን ይቅር ሊለው አልቻለም። ቂሙ እስከ አሕመድ ልጅ እስከ ሐቀዲን ወረደ። ይህን የጻፈልን የታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ ነው፤ መካ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1430ዎቹ ያሰባሰበው ወሬ ነው። ሐቀዲን ትምህርት የወደደ ልጅ ነበር፤ አያቱና አጎቱ ንቀው ወደ ገጠር ግብር ሰብሳቢነት ሰደዱት። እዚያ ሰው አሰባስቦ ተነሣ። አጎቱ ሙላ አስፋህ ከንጉሡ ጦር ተቀብሎ ገጠመውና በውጊያው ሞተ። ሐቀዲን ኢፋት ገባ። አያቱን ግን አልነካቸውም፤ አክብሮ በከተማዋ ላይ ተዋቸውና እሱ ከተከታዮቹ ጋር ወሐል ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኢፋትን ይገዛ የነበረው የወላስማ ሥርወ መንግሥት ማእከል ወደ ምሥራቅ ራቀ።

አባት ልጁን ሲክድ፣ የልጅ ልጅ ርስቱን ትቶ ሲሄድ፣ ይህ ለጎጃም ልጅ ሩቅ ነገር አይደለም። ወንበሮቹን ገፍተን ሽምግልና ተቀመጥን። አንዱ ዓሊ፣ አንዷ ሐቀዲን ሆኑ፤ ሦስት ሽማግሌዎች መካከል ገቡ። ዓሊ የሆነው ልጅ «ስምንት ዓመት ስታሰር ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ እንዴት ልጄ ልበለው?» አለ። ሐቀዲን የሆነችው ልጅ ቀበል አድርጋ «አባቴን የሾመው ንጉሡ ነው፤ አባቴ እምቢ ቢል ኖሮ እሱም አብሮዎት ይታሰር አልነበረም?» አለች። አንዷ ሽማግሌ ወጣቱ አያቱን ይዞ መሄድ ነበረበት ስትል፣ ሌላው ሽማግሌ ሰው በስተርጅና ከአገሩ አይነቀልም ብሎ ተከራከራት። ሳይፈርዱ ደወል ተደወለ፤ ክርክሩ ግቢ ወጣ።

በማግስቱ ገና ሳልቀመጥ «ዓሊ በመጨረሻ የት ሄዱ?» አሉኝ። «ሄደ» ሳይሆን «ሄዱ» ማለታቸውን ልብ አልኩ። በ2000ዎቹ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በኢፋት ፍርስራሽ ውስጥ የወላስማዎቹን መቃብር እንዳገኙ፣ ከመቃብሮቹ በአንዱ ድንጋይ ላይም የሰብረዲን ልጅ የዓሊ ስም እንዳለ ነገርኳቸው። የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1373 ነው። ሐቀዲንም በዚያው ዘመን ከንጉሡ ጦር ጋር ሲዋጋ ወደቀ። አያቱ ግን ከተማቸው ውስጥ ተቀበሩ።

«ታዲያ ሽማግሌው ልክ ነበር» አለ ዓሊ የነበረው ልጅ፣ ደብተሩን እያወጣ።