ሲፓፕ አድርጎ መተኛትና የሌሊት ሳል፦ ማሽኑን ወደ ካርቶኑ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ ስሊፕ አፕኒያ ላለባቸው፣ ማለትም ተኝተው ሳለ ትንፋሻቸው ለሚቆራረጥባቸውና ሲፓፕ ማሽን ለሚጠቀሙ ሰዎች የሚሆን መረጃ ይዘናል። እናት ወይም አባታችሁ የሚጠቀሙ ከሆነም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ በስንት መከራ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ውጭ ያለ ዘመድ ነው የሚልከው። ከዚያ ሌሊት ላይ ሳል ይጀምራል። አንድ ሁለት ሳምንት ይታገሱትና ማሽኑ ተመልሶ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። ማንኮራፋቱና የትንፋሽ መቆራረጡም አብሮ ይመለሳል። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይታከም የቆየ ስሊፕ አፕኒያ ከደም ግፊት፣ ከስትሮክና መሪ ይዞ ከማንቀላፋት ጋር ይያያዛል።

መልካሙ ዜና፣ ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሄ አለው። ዋናው ነገር ከየት እንደመጣ መለየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ለዓለም ያስተዋወቁት ይህ ሕክምና በራሱ መድኃኒት የለውም። ማሽኑ የክፍላችሁን አየር ገፍቶ በማስገባት ጉሮሮ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ስለዚህ አየሩ ደረቅ ከሆነ ደረቅ፣ አቧራ ካለው አቧራ ይሰጣችኋል።

1. ድርቀት
ዋነኛው ምክንያት ይሄ ነው። በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋ ከተሞች፣ በበጋው ወራት የሌሊቱ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ሂውሚዲፋየር የሚባለውን የውሃ መያዣ ሳትሞሉ አትተኙ፤ ካልበቃ መጠኑን ቀስ በቀስ ጨምሩ። በተቃራኒው ቱቦው ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ፊታችሁ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ መጠኑን ቀንሱ ወይም ቱቦውን ብርድ ልብስ ውስጥ አሳልፉት። ውሃው ዲስቲልድ ቢሆን ይመረጣል። ጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ግን እንዳትሞክሩት።

2. አፍ ከፍቶ መተኛት
አፍንጫ ላይ ብቻ የሚደረግ ጭንብል ለብሳችሁ አፋችሁ ከተከፈተ፣ አየሩ በአፍ ይወጣና ጉሮሮን ያደርቃል። ጠዋት አፋችሁ ደርቆ የምትነሱ ከሆነ ጠርጥሩ። አፍንጫችሁ የታፈነ ከሆነ ከመተኛታችሁ በፊት ለአፍንጫ በተዘጋጀ የጨው ውሃ እጠቡት። ካልሆነ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጭንብል እንዲሰጧችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

3. ንጽህና
ጭንብሉን በየቀኑ፣ ቱቦውንና የውሃ መያዣውን ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፤ በደንብም ይድረቁ። የትናንቱን ውሃ ድፉት። በረኪና አትጠቀሙ፣ ሽታው ራሱ ያስላል። ፊልተሩን እያያችሁ ከጠቆረ ቀይሩ። ማሽኑንም መሬት ላይ አታስቀምጡ።

4. ቃርና የጨጓራ አሲድ
ስትጋደሙ አሲድ ወደ ጉሮሮ እየወጣ ሊያስላችሁ ይችላል። እራት ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይሁን። የአልጋውን ራስጌ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግም ይረዳል።

5. የደም ግፊት መድኃኒት
ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ግፊትም ስላለበት ጥፋቱ ማሽኑ ላይ ይላከካል። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሳል የማያመጣ ሌላ አማራጭ ስላለ ለሐኪማችሁ ንገሩት።

ያገለገለ ማሽን ከውጭ ለተላከላችሁ
እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ፊሊፕስ ኩባንያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የመተንፈሻ ማሽኖቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ጥሪ አድርጓል። ምክንያቱ ድምፅ ለመቀነስ ውስጡ የተገጠመው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ነው፤ ከቀረቡት ቅሬታዎችም አንዱ ሳል ነበር። ጥሪው የመጀመሪያውን ድሪምስቴሽን ጨምሮ፣ ከሚያዝያ 26 ቀን 2021 በፊት የተመረቱ የተለያዩ ሞዴሎችን ይመለከታል። ማሽናችሁ ከነዚህ ከሆነ፣ የላከላችሁ ዘመድ በሲሪያል ቁጥሩ እንዲያጣራላችሁ አድርጉ። ቱቦው ውስጥ ጥቁር ፍርፋሪ ካያችሁም ፈጥናችሁ ለሐኪማችሁ አሳውቁ።

ሌሊት ሳሉ ሲነሳ
ጭንብሉን አውልቁ፣ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጎንጨት አድርጉ፤ ሲረጋጋ መልሳችሁ ልበሱት። ማስመለስ ከመጣ ግን ወዲያው አውልቁት። የግፊት መጠኑን በራሳችሁ አትነካኩ፣ እሱ የሐኪም ሥራ ነው።

በፍጥነት ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች
▪️ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፤ በተለይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለው የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል
▪️ ደም የቀላቀለ አክታ
▪️ ሲጋደሙ የሚያፍን የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር እብጠት፤ ይህ የልብ ችግር ሊሆን ይችላል
▪️ የደረት ውጋት

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ማሽኑን፣ ጭንብሉንና የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። "ያስለኛል" ብቻ ከማለት ሳሉ መቼ እንደሚጀምር፣ ደረቅ ይሁን አክታ ያለው መናገር ለሐኪሙም ሥራ ያቀላል።

ማሽኑን ካርቶን ውስጥ የከተተ ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን መረጃ አጋሩት። መልካም እንቅልፍ ለሁላችሁም!