ከፊደሉ በፊት ቤቱን

በጋዜጣ ገጽ ላይ የምናየው የአግድምና የቁልቁል የቃላት ጨዋታ የፈረንጅ ፈጠራ ነው። የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን በ1913 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ አወጣው። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ጠባዩ ተለወጠ። በእንግሊዝኛ አንድ ባዶ ሳጥን ከ26 ፊደላት አንዱን ይጠብቃል፤ በእኛ ግን 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት (ከግዕዝ እስከ ሳብዕ) ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ስለዚህ ፈቺው ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፦ ፊደሉ የትኛው ነው? በስንተኛው ቤት?

የምዕራብ ጎጃሟን ከተማ «ፍኖተሰላም»ን በአግድም እንጻፍ፤ ስድስት ሳጥን ይወስዳል። ከአራተኛው ቁልቁል የሚወርደው ቃል ፍንጩ «የሚዘራ» ቢሆን ብዙ ሰው «ስንዴ» ይላል። አይገባም። ሳጥኑ የያዘው ግዕዙን «ሰ» ነው፤ ስንዴ የሚነሣው ከሳድሱ ነው። «ሰሊጥ» ግን ልክ ይገባል። ሌላዋ የአካባቢው ከተማ ቡሬ በበቆሎ ብትታወቅም ከስሟ «ቡ» ተነሥቶ «በቆሎ» አይወርድም፤ «ቡና» ይወርዳል።

ቤቱን አስቀድሞ ለማወቅ ሰዋስው ይረዳል። ሰበረ፣ ነገረ፣ ፈለገ፦ ሦስቱም ሳጥን ግዕዝ ነው። ፍንጩ አድራጊውን ከጠየቀ ሰባሪ፣ ነጋሪ፣ ፈላጊ ይሆናል፤ ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ሣልስ። ብዙ ቁጥር ከተጠየቀ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ሳጥን «ች» ነው፣ ከእርሱ በፊት ያለው ደግሞ ሳብዕ። አንድም ፊደል ሳይታወቅ የቃሉ መልክ ይታያል።

የምዕራብ ጎጃም ገጠር ልጅ በየኔታ ፊት ይህን ፊደልና ቤት የመለየት ልምምድ ቀድሞ ያውቀዋል። የፊደል ገበታው ራሱ በመስመርና በዓምድ የተደረደረ ነው። ሀ ሁ በዜማ ከተሸመደደ በኋላ ግን ልጁ ፊደሉን በእርግጥ ማወቁ አይታወቅም፤ ዜማው ብቻውን ሊያስኬደው ይችላል። አቡጊዳ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «አ» ግዕዝ፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ጊ» ሣልስ፣ «ዳ» ራብዕ እያለ ፊደሉም ቤቱም አብረው ይለወጣሉ፤ በስንደዶ የሚጠቆመውን በዓይን ለይቶ ካላወቀ ማለፍ የለም።

አንድ ወጥመድ ይቀራል፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አዘጋጁ የትኛውን እንደመረጠ ከፍንጩ አይታወቅም። በዚህ ጊዜ ሳጥኑን በእርሳስ ጽፎ፣ የሚያቋርጠው ቃል እስኪፈርድ መቆየት ነው።